ለጠባብ ቦታ የሚሆን ቁልፍ፦ ከየትኛው ልጀምር?

የቪትዝን ኮፋኖ ክፈቱና ቺንጋው ባለበት በኩል እጃችሁን አስገቡ። በሞተሩና በቦዲው መሀል ያለው ክፍተት መዳፍ እንኳ በወጉ አያስገባም። አልተርኔተሩን የያዘው ብሎን ደግሞ እዚያው ነው። ዶልፊን ሚኒባስ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበር ተነስቶ፣ ተንበርክኮ፣ በዳበሳ ነው የሚሠራው። ተራው ቁልፍ ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ አይዞርም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የተሠራ ቁልፍ ብዙ አለ። ሁሉንም መግዛት ግን አያስፈልግም፤ ኪስም አይፈቅድም። ባህር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ መኪናውን ለሚነካካ ሰው፣ ጋራዥ ሥራ ለጀመረ ልጅ፣ ጣና ላይ ጀልባ ለሚያንቀሳቅስም ቢሆን መልሱ አንድ አይደለም። የእኔ አቋም ግን ቀላል ነው። ሙሉ የቁልፍ ስብስብ፣ “ሴት” የሚባለውን፣ አትግዙ። ችግር የሚፈጥሩት ብሎኖች ሁለት ሦስት ቁጥር ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ ትክክለኛውን ቅርጽ ግዙ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። የውጭ ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ከርሞ ያስቃል። ስለዚህ የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ብቻ እነግራችኋለሁ።

ጥበቱ የቱ ጋ ነው?

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ብሎኑን በደንብ እዩት። ካልታያችሁ በጣት ዳብሱት። “ቦታ የለም” የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ ቁልፉ ብሎኑ ላይ ይገባል፣ እጀታው ግን ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ የለውም። አንዳንዴ ከብሎኑ ራስ በላይ ያለው ክፍተት ትንሽ ስለሆነ ሶኬት (ብሎኑ ላይ እንደ ኩባያ የሚደፋው ቁልፍ) ከነራቼቱ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየያዘ ከሚያዞረው እጀታ ጋር) አይቆምም። አንዳንዴ ብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል። አንዳንዴም ቦታው ሰፊ ሆኖ መሀል ላይ የውሃ ጎማ ወይም የነዳጅ ቱቦ ይጋረጣል።

ለመጀመሪያው የሚሆነው ቁልፍ ለሦስተኛው አይሆንም። ሰው “ለጠባብ ቦታ የሚሆን ስጠኝ” ብሎ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ያለውን ነው የሚሰጠው። ምን ያድርግ? ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው።

ገንዘብ ሳታወጡ በፊት

ብሎን ስድስት ጎን አለው። ስለዚህ ቁልፍ ከአንድ ጎን ወደሚቀጥለው ለመሸጋገር 60 ዲግሪ መዞር አለበት። የክፍት ቁልፍን አፍ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ከእጀታው ጋር ቀጥ አላለም፤ 15 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሏል። ሆን ተብሎ ነው። ትንሽ አዙራችሁ፣ አውጥታችሁ፣ ገልብጣችሁ መልሳችሁ ስታስገቡት 30 ዲግሪ ብቻ ይበቃችኋል። አዙር፣ ገልብጥ፣ አዙር፣ ገልብጥ። ያሰለቻል፤ ግን በነፃ ነው። የቆዩ መካኒኮች ይህን ሳያስቡት በእጃቸው ይሠሩታል። አዲስ ልጆች ግን ቁልፉ አልዞር ሲላቸው ወዲያው ሌላ ዕቃ ፍለጋ ይሄዳሉ።

ቀለበቱ ጫፍም እንደዚሁ ነው። ውስጡ 12 ጥርስ ከሆነ በየ30 ዲግሪው ይይዛል። 6 ጥርስ ከሆነ 60 ይፈልጋል፤ በምትኩ ብሎኑን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ጠርዙን አይበላውም። ዝገት ያለበት ብሎን ላይ ባለ 6፣ ቦታ የጠበበበት ላይ ባለ 12 ይሻላል። ሁለቱም ችግር ከተደረበስ? ያን ጊዜ መጀመሪያ ነጭ ጋዝ ወይም የዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ብሎኑ ራሱ ከተበላ በኋላ የትኛውም ውድ ቁልፍ አይመልሰውም።

አጭር ቁልፍ

ቅርጹ ያው ተራው ነው፤ አንዱ ጫፍ ክፍት፣ ሌላው ቀለበት። እጀታው ብቻ አጥሮ መዳፍ ውስጥ የሚያልቅ ነው። ለጠባብ ቦታ ተብለው ከተሠሩት ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። እጀታው የሚወራጭበት ቦታ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታሰበውም እሱ ነው።

ድክመቱ ጉልበት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ብትጫኑ ብሎኑ ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ጉልበት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ባለ 10 ቁልፍ (ቁጥሩ የብሎኑ ራስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) የሚፈታው፣ ግንዱ 6 ሚሊ የሆነው ቀጭኑ ብሎን የሚጠብቀው በዚያው መጠን አካባቢ ስለሆነ አጭሩ ቁልፍ ያሸንፈዋል። ባለ 12 ቁልፍ የሚፈታው ባለ 8 ሚሊ ብሎን ግን ከ20 በላይ ይፈልጋል። ባለ 14 የሚፈታው ባለ 10 ሚሊ ብሎን ደግሞ እስከ 50 ይደርሳል። ጠባብ ቦታ ውስጥ በአጭር ቁልፍ ይህን ያህል ለመጫን መሞከር ትርፉ የተላጠ እጅ ነው። ቁልፉ ሲያመልጥ ጣት የሚያርፈው ራዲያተሩ ላይ ወይም የፋኑ ስለት ላይ ነው።

ስለዚህ ከአጭሩ ዓይነት 8፣ 10 እና 12 ይበቃሉ። 14ና ከዚያ በላይ ለሆነው ገንዘባችሁን አታባክኑ። 14 ላይ አጭር ቁልፍ የሚጠቅመው ብሎኑ በረጅም ቁልፍ አንዴ ከላላ በኋላ ለማውጣት ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ጣትም ይበቃል።

አንድ በጎ ጎን አለው፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። መልሳችሁ ስታጠብቁ አጭር ቁልፍ ከልክ በላይ እንዳታጠብቁ ይከለክላችኋል። አሉሚኒየም ላይ የገባ፣ በባለ 10 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን በረጅም ቁልፍ ሲጠብቅ ጥርሱን ይዞ ነው የሚወጣው።

ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ማለትም ባለራቼት ቁልፍ

ሰው ሁሉ የሚመኘው ይህንን ነው፤ እውነትም ምቾት አለው። ቀለበቱ ውስጥ ራቼት ስላለ ቁልፉን ከብሎኑ ላይ ሳታወጡ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ነው። ዋናው ቁጥር የጥርሱ ብዛት ነው። 72 ጥርስ ያለው 5 ዲግሪ ሲዞር ይይዛል። 120 ጥርስ ያለው 3 ዲግሪ ይበቃዋል። 36 ጥርስ ከሆነ 10 ዲግሪ ይፈልጋል። 5 ዲግሪ ማለት የእጀታው ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ ሳይሄድ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ማሳደድ ለተራ ሥራ ትርፍ ወጪ ነው። ባለ 72 ያዙ።

ሱቅ ውስጥ ጥርሱን መቁጠር ይቻላል። ቀለበቱ ውስጥ ብሎን አስገቡና ሩብ ዙር አዙሩት። 18 ጊዜ ቀጭ ካለ 72 ጥርስ ነው። 9 ጊዜ ብቻ ካለ 36 ነው፤ ማሸጊያው ላይ ምንም ተጻፈ ምን።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። አባይ ማዶ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ የኮሮላ አልተርኔተር ያወርዳል። የታችኛው ብሎን ረጅም ነው፤ ወደ ቦዲው አቅጣጫ ነው የሚወጣው። ልጁ አዲስ ባለራቼት ቁልፉን አስገብቶ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ደስ ብሎት ይፈታል። ብሎኑ እየወጣ፣ እየወጣ ሄደና የቁልፉ ራስ ቦዲው ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ወደፊት የለም፣ ቦዲው ያዘው። ወደኋላም የለም፣ ምክንያቱም ይህ ዓይነት ቁልፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚይዘው። አቅጣጫ ለመቀየር አውጥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ለማውጣት ደግሞ ቦታ የለም። ቁልፉ ብሎኑ ላይ ታስሮ ቀረ።

“ጋሼ፣ ቁልፉ አልወጣ አለኝ” አለ ልጁ።

“ግማሽ ሲወጣ በተራው ቁልፍ ቀጥል አላልኩህም?” አሉት አለቃው፤ ከሌላ መኪና ሥር ሆነው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

መጨረሻ ላይ ሞተሩን በክሪክ ደግፈው፣ የሞተር መያዣውን አላልተው፣ ሞተሩን ትንሽ ገፋ አድርገው ነው ያወጡት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ከሰዓቱን ሙሉ በላ።

ከዚህ የሚያድነው አቅጣጫ መቀየሪያ ትንሽ መዘውር ያለው ዓይነት ነው። ሲታሰር መዘውሯን ገፋ አድርጎ ብሎኑን መልሶ ማስገባት ይቻላል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ራሱም በመጠኑ ይወፍራል። ግን ከሁለቱ አንዱን የምትገዙ ከሆነ መዘውር ያለውን ግዙ። አንገቱ የሚታጠፍ ዓይነትም አለ። እሱ ብሎኑ በስተጀርባ ተደብቆ እጀታው ዘንበል ማለት ሲኖርበት ጥሩ ነው፤ አንገቱ ካረጀ ግን እየተንጠለጠለ ያናድዳል። ስትገዙ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ ልቀቁት። በራሱ ከወደቀ ተዉት።

ሌላው ነገር፣ ባለራቼት ቁልፍ ለማላላት አይደለም። የጠበቀ ብሎን መጀመሪያ በተራ ቀለበት ቁልፍ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ራቼቱ የሚገባው። ርካሹን ባለራቼት ቁልፍ ሰዎች “አንድ ወር አልቆየም” የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የጠበቀ ብሎን እያላሉበት ነው። ውስጡ ያለው መያዣ ትንሽ ቁራጭ ብረት ናት፤ ምን ትሁን?

ከዋጋ አንጻር ከተራ ቁልፍ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሴቱን ሳይሆን ፍሬውን ግዙ፦ 10፣ 12፣ 14። በፍሬ አልሸጥም የሚል ባለሱቅ ከገጠማችሁ ከሁለት መካኒክ ጓደኛ ጋር ሴቱን ገዝቶ መካፈልም አለ።

ጎበጥ ያለው ቀለበት ቁልፍ

ሁለቱም ጫፉ ቀለበት ሆኖ አንገቱ ወደ ታች የጎበጠ ነው። 10 በ12፣ 14 በ17 እየተባለ ይመጣል። ጉድጓድ ውስጥ ለተቀመጠ ብሎን፣ ወይም ከጎኑ ያለውን ነገር ተሻግሮ ለሚደረስበት ብሎን ከዚህ የሚሻል የለም። እጀታው ረጅም ነው፣ ጉልበት አለው፣ የሚበላሽ ጥርስ የለውም። እጃችሁም ከሞተሩ በላይ ስለሚሆን አይላጥም።

እንደ እኔ እንደ እኔ ጋራዥ ሥራ የሚጀምር ልጅ ከባለራቼቱ በፊት ይህንን ነው መግዛት ያለበት። አያምርም፣ ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ግን ሃያ ዓመት ያገለግላል። በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ከተገኘ ደግሞ ከአዲሱ ርካሽ ቁልፍ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ኬቲሲ የሚል የጃፓን ማህተም ያለበት፣ መልኩ የጠቆረ፣ ቀለበቱ ግን ያልሰፋ ካገኛችሁ አትለፉት።

አልፎ አልፎ የድሮ የራሺያ ቁልፍም ይገኛል። ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ራሱ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ በደርግ ዘመንም በአገሩ የሶቪየት መኪና ሞልቶ ነበር። ብረቱ ጠንካራ ነው። ራሱ ግን ወፍራም ስለሆነ ለጠባብ ቦታ እምብዛም አይሆንም። ለጉልበት ሥራ ያዙት።

ትንሿ የሶኬት ሳጥን

ባለ 46 ፍሬ የምትባለውን ትንሽ ሳጥን ሳታዩ አትቀሩም። መንጃዋ፣ ማለትም ሶኬቱ የሚሰካበት ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ፣ ሩብ ኢንች ነው፤ ከ4 እስከ 14 ሚሊ ሶኬት፣ ማስረዘሚያ፣ ተጣጣፊ አንገትና ትንሽ ራቼት ይዛለች። ለገንዘቡ ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ዕቃ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ቦታ አትይዝም፤ ለባጃጅ ባለቤት ደግሞ ከበቂ በላይ ናት። የባጃጅ ሞተር ከኋላ ተወትፎ ስለሚቀመጥ ትልቅ ራቼት አይገባም፤ ይቺ ትገባለች።

ጥበቡ ማስረዘሚያው ላይ ነው። ብሎኑ ጋ ቦታ ባይኖርም 25 ሳንቲ ሜትር ወዲህ ቦታ ይኖር ይሆናል። ሶኬቱን በረጅም ማስረዘሚያ ላካችሁና ራቼቱን ሰፊው ቦታ ላይ ሆናችሁ ታዞራላችሁ። ሁለት ማስረዘሚያ መቀጠልም ይቻላል። መሀል ላይ ተጣጣፊ አንገት ስትጨምሩ ግን ልኩን እወቁ፤ በጣም ከታጠፈ ሶኬቱ ከብሎኑ ላይ ይንሸራተታል፣ ጠርዙንም ይበላዋል። አንገቱን በፕላስተር ጠቅልላችሁ ትንሽ ካጠነከራችሁት እየተልፈሰፈሰ አያስቸግርም።

የማትሠራው ጉልበት ያለበት ቦታ ነው። እጀታዋ ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚጫን ሰው አይቼ አውቃለሁ። ራቼቷ ተፈረካከሰች። ለ14 እና 17 ሥራ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች መንጃ ያስፈልጋል። ግማሽ ኢንቹ ደግሞ ለጎማና ለትልልቅ ብሎን ነው፤ ጠባብ ቦታ ውስጥ ራሱ አይገባም።

የፍሬን ቱቦ ቁልፍ

እዚህ ላይ ምርጫ የለም። የፍሬን ቱቦ ዳዶ ለስላሳ ነው። ቱቦው በመሀሉ ስለሚያልፍ ቀለበት ቁልፍ ከላይ አይገባም፤ ክፍት ቁልፍ ደግሞ ሁለት ጎኑን ብቻ ስለሚይዝ ትንሽ ሲጠብቅ ጠርዙን ላጭቶ ይነሳል። ለዚህ የተሠራው ቁልፍ ቀለበት ሆኖ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው። በቁራጩ በኩል ቱቦውን አሳልፎ ይገባና ዳዶውን ከአምስት ጎን ይይዘዋል። ብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ባለ 10 ነው። እሱን አንድ ብቻ ግዙ፤ ግን ጥሩውን ግዙ። ርካሹ ሲጠብቅ አፉ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ከክፍት ቁልፍ በምን ተሻለ?

የተበላ የፍሬን ዳዶ ማለት ቱቦ ቆርጦ አዲስ ማሠራት ነው። አንድ ቁልፍ ከዚያ ይረክሳል።

የሚታጠፍ፣ የሚቆረጥ፣ የሚበየድ

ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቁልፍ በፋብሪካ ይሠራል፤ ለሞተር ማስነሻና ለማኒፎልድ ብሎን ነው። ቱቦ ተሻግሮ፣ ዞሮ ይደርሳል። እኛ ገበያ ላይ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ጋራዦቻችን ራሳቸው ይሠሩታል። የዶልፊን ሞተር ማስነሻ የላይኛው ብሎን ብዙ ጊዜ የሚፈታው እንዲህ በተጣመመ ቁልፍ ነው። ሳጥናቸውን ብትከፍቱ አንድ ሁለት እንግዳ ቅርጽ ያለው ቁልፍ አታጡም።

የምትሠሩ ከሆነ ያገለገለ ወፍራም ቁልፍ ፈልጉ፤ አዲስ አታበላሹ። ብየዳ ቤት በኦክስጅን አስግላችሁ ማጣመም ነው። የሚጣመመው እጀታው ይሁን፣ አፉን አታስነኩ። አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ ብረት ሲቀላ ጥንካሬውን ስለሚያጣ አፉ ከጋለ ቁልፉ ሲጠብቅ ይከፈታል። ካጣመማችሁ በኋላ ውሃ ውስጥ አትክተቱት። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል። አሸዋ ላይ ጣሉትና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ማሳጠርም ይቻላል። ርካሽ ባለ 12 ቁልፍ መሀሉን ቆርጦ አጭር ቁልፍ ማድረግ የአንድ ደቂቃ የግራይንደር ሥራ ነው። የቁልፉን ራስ ውፍረት መቀነስ ግን በልክ ነው። ግድግዳው ከሳሳ ይሰነጠቃል። እየሞረዳችሁ ቶሎ ቶሎ ውሃ አስነኩት፤ ይህኛው እስኪቀላ ስላልጋለ ውሃው አይጎዳውም።

ማጠፍም መቁረጥም ካልሆነላችሁ፣ ራቼት ወይም ማስረዘሚያ ላይ የሚሰካ፣ እጀታ የሌለው የክፍት ቁልፍ አፍ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ቱቦ በተጋረጠበት ዳዶ ላይ ከላይ በማስረዘሚያ ይደርሳል። ቤቱ መኪናውን ለሚነካካ ሰው ግዴታ አይደለም። የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ላይ ስትሰኩት በ90 ዲግሪ ጎን አድርጉት፤ ቀጥ ካለ እጀታውን ስለሚያስረዝመው ልኩ ይዛባል።

እንግሊዝ ቁልፍን ደግሞ ለዚህ ሥራ እርሱት። ራሱ ወፍራም ነው፣ መንጋጋውም ይላላል። ጠባብ ቦታ ውስጥ ብሎን መብላት ለሚፈልግ ሰው ካልሆነ አይረባም።

ቁጥሩን በመኪናው እወቁ

ጃፓን ሠራሽ መኪና ላይ የሚደጋገሙት 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ናቸው። የቻይናና የአውሮፓ መኪኖች ላይ 13፣ 16 እና 18 ይመጣሉ። ባለ 13 ቁልፍ ባለ 12 ብሎን ላይ “ይሆናል” ተብሎ ሲሞከር ብሎኑ ያለቀለት ያኔ ነው። ቶዮታ ይዛችሁ 13 እና 16 ያለበት ውድ ሴት ከገዛችሁ ግማሹ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አይሱዙ ኤንፒአር የያዘ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ያን ያህል አያስጨንቀው። ጋቢናው ወደ ፊት ስለሚገለበጥ ሞተሩ ሜዳ ላይ ነው። ለእሱ ረጅምና ጠንካራ ቁልፍ ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ

ኪሳችሁ ውስጥ ራሱ ያልተበላ ባለ 12 ብሎን ይዛችሁ ሂዱ። ቁልፉን አስገቡበትና ወዘወዙት። ብዙ ከተወዛወዘ አፉ ሰፊ ነው፤ መልሱት። “ክሮም ቫናዲየም” የሚለውን ማህተም ብቻ አትመኑ። ማህተም መምታት ርካሽ ነው። ይልቅ ሌላ ነገር እዩ፦ የቀለበቱ ግድግዳ ዙሪያውን እኩል ውፍረት አለው? የክፍቱ አፍ ሁለት መንጋጋዎች ትይዩ ናቸው? ቅቡ ጠርዙ ላይ ተቀርፏል? የተቀረፈ ክሮም እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል።

ከአዲሶቹ የቻይናዎቹ ኢንግኮና ቶታል፣ የህንዱ ታፓሪያ አገራችን ገበያ ላይ አሉ፤ ለቤት ሥራ ይበቃሉ። ስም የሌለውን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሴት ለክፍት ቁልፍ ልታስቡት ትችላላችሁ፤ ለባለራቼት ግን አይሆንም። ባህር ዳር ያጣችሁትን አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ካላችሁ አዲስ መለዋወጫና ዕቃ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ከምናለሽ ተራ ማስመጣት ይቻላል። ግን ቁጥሩንና ቅርጹን በፎቶ ላኩለት። “ለጠባብ ቦታ የሚሆን” ብላችሁ በስልክ ብትነግሩት ባለሱቁ የሰጠውን ይዞላችሁ ይመጣል።

ታዲያ ምን ልግዛ?

ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይዞ በራሱ ለሚነካካ ሰው፦ ትንሿ የሶኬት ሳጥን መጀመሪያ። ቀጥሎ አጭር 10 እና 12። ገንዘብ ከተረፈ መዘውር ያለው ባለራቼት 12 እና 14። እዚህ ላይ ይቁም።

ለጋራዥ ልጅ፦ ጎበጥ ያሉት 10 በ12 እና 14 በ17፣ የፍሬን ቱቦ ባለ 10፣ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ራቼት ከረጅም ማስረዘሚያ ጋር። የተጣመመውን ቁልፍ በሥራው ላይ ሆኖ፣ ሲቸግረው ይሠራዋል። ባለራቼቱን ከመጀመሪያው ጥሩ ገቢ በኋላ።

ጀልባ ላይ

ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱት ጀልባዎች ሞተር ክዳኑ ሲነሳ ከመኪናም የጠበበ ነው። ትንሿ የሶኬት ሳጥን እዚያም ትሠራለች፤ ለካንዴላው ግን ብዙ ጊዜ ባለ 21 ሚሊ የሆነ የካንዴላ ሶኬት ለብቻው ያስፈልጋል። አጭር ቁልፍ ጀልባ ላይ ከየትም በላይ ይወደዳል፤ ሰው ከጀልባው ጫፍ ተንጠልጥሎ ስለሚሠራ ረጅም እጀታ ያስቸግረዋል።

ሐይቁ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ሲባጎ ይግዛ። ቁልፉን ቀለበቱ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ እጁ አንጓ ላይ ወይም ጀልባው ላይ ያስር። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ግን ደፍራሳ ስለሆነ አንድ ሜትር ላይ የወደቀ ቁልፍም አይታይም። ለዚህም ነው ጀልባ ላይ ውድ ባለራቼት ቁልፍ ይዞ መውጣትን የማልመክረው።

ብሎኑም እንደዚያው ነው። የጀልባ ሞተር ብሎን አብዛኛው የማይዝግ ብረት ስለሆነ ማግኔት አያነሳውም። ወድቆ ክዳኑ ሥር ቢገባ በማግኔት ዘንግ ፈልጌ አወጣዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ከመፍታታችሁ በፊት ከሞተሩ ሥር ጨርቅ አንጥፉ።